18 ዓመት ሲሞላቸው ለሚጠፉብን ልጆች

እህታችን ያነሳችው ጥያቄ የእኔም የዓመታት ጭንቀት ነበር። «ሰንበት ትምህርት ቤታችን በሕፃናት ሞልቷል። ለጥምቀት ወጣቱ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። 18 እና 19 ሲሞላቸው ግን ድርሽ አይሉም። አዲስ የመዝሙር ልብስ ብናሰፋ፣ ትልቅ ስፒከር ብንገዛ ይመለሱ ይሆን?» ነው ያለችው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ለዓመታት አገልግያለሁ። ልብሱንም አሰፍተናል፣ ስፒከሩንም ገዝተናል። ለአንድ ሰሞን አዳራሹ ጢም አለ። ከዚያ ያው ሆነ።

ነገሩ የገባኝ በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። የዚያን ዓመት ጥምቀት ታቦቱ ሲመለስ ልጆቻችን ምንጣፍ እየጠቀለሉ፣ ወደፊት እየሮጡ፣ ደግመው እያነጠፉ ላባቸው ጠብ እስኪል አገለገሉ። ጥር ሳያልቅ የ12ኛ ክፍል ውጤት ተነገረ። ታስታውሱታላችሁ፣ በአገር ደረጃ ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው እሑድ ስም ስንጠራ ከእነዚያ ምንጣፍ አንጣፊዎች አብዛኞቹ የሉም።

ጥፋቱ የኛ ነበር። ፈተናውን ላለፉት ጥቂት ልጆች ሽኝት አዘጋጀን። መጽሐፍ ቅዱስ ሰጠን፣ እልል አልን፣ ፎቶ ተነሣን። ስለቀሩት ማንም ትንፍሽ አላለም።

ከበሮ ሲመታ አጥንት ድረስ የሚሰማ አንድ ልጅ ነበረን። ከሁለት ወር በኋላ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ ሲነዳ አገኘሁት። ለምን እንደቀረ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ስንት አመጣህ ይለኛል። እዚህ ግን የሚጠይቁኝ ሒሳብ ስንት ነው ብለው ነው» አለኝ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ እምነቱን አልተወም እኮ። ማለዳ ሥራ ሲጀምር በቅጥሩ በኩል ዞሮ ይሳለማል። የሸሸው እኛን ነው።

ከዚያ በኋላ ውጤት እያየን መሸኘት አቆምን። 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጸሎት ይመረቃል። የጠፉትን ሁለት ሁለት እየሆንን ከንስሐ አባቶቻቸው ጋር ቤታቸው ሄድን። ሰዓታችንንም ቀየርን። እሑድ ከሰዓት የነበረው ጉባኤ ሱቅ ለሚጠብቅና ባጃጅ ለሚነዳ አይሆንም፤ ከቅዳሴ በኋላ ወዲያው ለአንድ ሰዓት ያህል አደረግነው። ማታ ማታ የነበረውንም ጊዜው ስላልተመቸ ወደ ቀን አዛወርነው።

ሥራም መስጠት ያስፈልጋል። ሥራ ስል ድንኳን መትከልና ወንበር መደርደር ማለቴ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ በቃለ ዓዋዲው የሰንበት ትምህርት ቤት ዕድሜ እስከ 30 ዓመት ነው፤ ደብሩን በሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤም ከካህናትና ከምእመናን ጋር የወጣቶች ተወካይ ይቀመጣል። በተግባር ግን ተወካዩ ሲጠራ የምናየው ለድግስ ነው። እኛ አካውንቲንግ ያጠናች አንዲት እህት የገቢና ወጪ መዝገቡን እንድታግዝ ለመንን። «ልጅ ምን ያውቃል?» ያሉ አባት ነበሩ። አሁን ያለሷ ሒሳብ አይዘጉም።

ደግሞ ጎጃም ላይ ቆመን ወጣት የሚስብ ነገር አጣን ስንል ያመኛል። ስመ ጥሮቹ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉበት አገር ነው! ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ ቅኔ የሚማረው ልጅ እኮ የዕድሜ እኩያቸው ነው። አንድ የቅኔ መምህር ለምነን በሳምንት ሁለት ቀን ግስ፣ የግእዙን ግሥ ማለቴ ነው፣ ማስተማር ጀመሩልን። አሥር ሆነው ጀመሩ፣ አራቱ ጸኑ። ከአራቱ አንዱ ባለ ባጃጁ ነው። ግሱን በወረቀት ጽፎ ከመሪው ፊት ለፊት መስታወቱ ሥር በፕላስተር ለጥፎታል። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ወራት ፈጅቶ የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃና ይዞ መጣ። አጭሯ የቅኔ ዓይነት፣ ሁለት ቤት ብቻ ናት። እጁ እየተንቀጠቀጠ አነበባት። መምህሩ አንዲት ቃል አረሙለትና ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ይበል!» አሉ። የልጁን ፊት ብታዩት! ያኔ ውጤቱን የሚያስታውስ ማንም አልነበረም።

ያልቻልነው የሴቶቹን ነገር ነው። በ20 እና በ21 ዓመታቸው ያገባሉ፣ ከዚያ በኋላ ቦታቸው አይታወቅም። ሰንበት ትምህርት ቤቱ የልጅ ነው ይሏቸዋል፣ የምእመናኑ ማኅበር ሰንበቴው ደግሞ የትልልቆች። ሕፃን ይዘው እንዲመጡ ብለን ከኋላ ምንጣፍ አነጠፍን፤ ሦስት እናቶች ይመጣሉ። ከእናንተ ውስጥ የተሻለ የሠራ ካለ እባካችሁ ጻፉልን።

እህቴ፣ ስፒከሩን ከመግዛታችሁ በፊት የዛሬ ሁለት ዓመቱን የስም መጥሪያ መዝገብ አውጡና የቀሩትን ለዩ። ለእያንዳንዳቸው ደውሉ። «ናፍቀኸናል» በሉት፣ ስለ ጤናው፣ ስለ እናቱ ጠይቁት። ብቻ ውጤቱን አትጠይቁት።