ከመፈተጋችሁ በፊት፦ ጀልባ ማጠብ ለጀመራችሁ ልጆቼ

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። ከእናንተ መሃል መኪና ዲቴይሊንግ (መኪና አጥቦ ማሳመር) ስትሠሩ የነበራችሁ አንዳንዶቻችሁ ቅዳሜና እሁድ ወደ ጀልባ ሥራ እየገባችሁ መሆኑን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ሥራው በየውሃው ዳር አለ፣ ከፖቶማክ ጀምሮ አናፖሊስ፣ ከዛም ቼሳፒክ ቤይ የሚባለውን ወሽመጥ ተከትሎ እስከ ኖርፎክ ድረስ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ብቻ ነው። ግን ባለፈው ወር አንዱ ልጅ ፎቶ ላከልኝና "አባባ ይሄ እድፍ አልለቅ አለኝ ምን ላድርግ" አለኝ፣ ፎቶውን አስፍቼ ሳየው እድፉን ትቼ ያየሁት እሱ የፈተገበትን ቦታ ነው፣ ክብ ክብ እየሠራ ደብዝዞ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስሏል። በምን እንደፈተገው ስጠይቀው በአረንጓዴው የድስት መፈተጊያ አለኝ። አልተቆጣሁትም፣ እኔም የጀመርኩት እንደዛው ስለሆነ። ይሄን የምጽፍላችሁ ግን ለዛ ነው።

እኔ ሥራ የተማርኩት ምፅዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው፣ የገባሁት በ1968 ዓ.ም ነው። መርከብ ብረት ነው፣ የብረት ጠላት ደግሞ ዝገት፣ ስለዚህ ጠዋት ተነስተን በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን እየቀጠቀጥን አራግፈን ፀረ ዝገት ቀብተን ከላይ ግራጫውን ቀለም እንደርባለን፣ ስንጨርስ የጀመርንበት ቦታ እንደገና ዝጎ ይጠብቀናል። እዛ ቤት ያልለቀቀ ነገር ካለ ጉልበት አነሰው ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። እኔም ያንን ይዤ ነው በየመን በኩል ዞሬ በ1992 እንደ ፈረንጆቹ አሜሪካ የገባሁትና አናፖሊስ አካባቢ አንድ የጀልባ ጥገና ቦታ የተቀጠርኩት።

በመጀመሪያው ፀደይ አንድ ነጭ የሸራ ጀልባ ከፍሎሪዳ ተመልሶ ከውሃ ወጣ። እነዚህ ሰዎች ጥቅምት ኅዳር ላይ ብርዱን ሸሽተው ከኖርፎክ ጀምሮ በውስጥ በውስጡ ባለው የውሃ መንገድ ወደ ደቡብ ይወርዱና ሚያዝያ ግንቦት ላይ ይመለሳሉ። መንገድ ላይ ዲዝማል ስዋምፕ የሚባል ረግረግ አቋርጦ የሚያልፍ በ1805 የተከፈተ ቦይ አለ፣ ውሃው ጥቁር ሻይ ነው የሚመስለው፣ ቅጠሉና የዛፉ ቅርፊት ውስጡ ሲዘፈዘፍ ስለሚኖር ነው። ጀልባው በዛ ውሃ ሲሄድ ከፊቱ ሹል ግራና ቀኝ የሚረጨው ውሃ ቡናማ መስመር እየሳለ ይሄዳል፣ ፈረንጆቹ "ሙስታሽ" ይሉታል፣ እውነትም ጢም ነው የሚመስለው። አለቃዬ ያንን አፅዳ ብሎኝ ሄደ። እኔ የለመድኩትን አደረግኩ፣ የሚፍቅ ዱቄት ሳሙናና መፈተጊያ ይዤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ስፈትግ ዋልኩ፣ ክንዴ ዝሎ ትንሽ ፈዘዝ ያለ መሰለኝ እንጂ ጢሙ አለ።

ከሰዓት በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ቤይ ላይ ሸርጣንና ኦይስተር ሲያጠምድ የኖረ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ መጣ፣ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ምንም ሳይለኝ ሄዶ አንድ የሚረጭ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። ከታች ወደ ላይ ረጨው፣ "ና ቡና ጠጣ" ብሎ ይዞኝ ሄደ። አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ ስንመለስ ቡናማው ቢጫ ሆኖ፣ ቢጫው ደግሞ ዓይኔ እያየ ሲጠፋ ደረስኩ። በውሃ አጠበው፣ አለቀ። ቀኑን ሙሉ የታገልኩት ነገር በአንድ ስኒ ቡና ለቀቀ። እኔ የፈተግኩት ቦታ ግን ለቀቀ እንጂ አላበራም፣ የባሰው ደግሞ በዓመቱ ያው ጀልባ ከፍሎሪዳ ሲመለስ ጢሙ በጣም የጠቆረው እኔ በፈተግኩበት ልክ ነበር።

ለምን እንደሆነ በደንብ ልንገራችሁ፣ ይሄን ከያዛችሁ ሌላው በሥራ ይገባችኋል። ፋይበርግላስ ማለት የመስታወት ክር በሬዚን የተያያዘ ነው፣ እናንተ የምታዩትና የምትነኩት የሚያብረቀርቀው ነጭ ነገር ግን እሱ አይደለም፣ ከላይ የተደረበው ጄልኮት ነው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በቃ። ያ ግማሽ ሚሊሜትር ለባለቤቱ ዕድሜ ልኩን እንዲበቃው ነው የታሰበው። ጄልኮት ደግሞ ለስላሳ ይምሰል እንጂ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ሰም ካለበት ይደፈናሉ፣ ሰሙ ካለቀና ፀሐይ ከመታው ይከፈታሉ፣ እድፉም እዛ ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ የምትፈትጉት እድፉን አይደለም፣ እድፉ ያለበትን ግድግዳ ነው እየበላችሁ ያላችሁት፣ ፈትጋችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ለሚቀጥለው እድፍ ሰፋ ያለ በር ከፍታችሁለት ነው የምትሄዱት። ብረት ቢቧጨር ቀለም ትቀቡታላችሁ፣ የጄልኮትን ግማሽ ሚሊሜትር ግን ማንም በቀላሉ አይመልስላችሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁሙና እዩ። ከየት ነው የመጣው ብላችሁ ጠይቁ። ከብሎን ወይም ከብረት አጥር ሥር ወደ ታች የወረደ ብርቱካናማ መስመር ዝገት ነው። ከፊት ያለው ቡናማ ጢም የቅጠል ውሃ ነው። ከኋላ የጭስ ማውጫው አካባቢ ያለው ጥቁር የናፍጣ ጥላሸት ነው፣ ስቡ ካልተነሳ ምንም አይሆንም፣ ስብ የሚፈታ ሳሙና ነው የሚፈልገው። መርገጫው ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ነው። ሰው በሚቀመጥበትና በሚደገፍበት ቦታ ቢጫ ወይም ዝገት የመሰለ የእጅ አሻራ ካያችሁ ደግሞ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ነው፣ ብዙዎቹ ውስጥ አቮቤንዞን የሚባል ነገር አለ፣ ውሃ ውስጥ ካለ ብረት ጋር ሲገናኝ እንዲህ ቀለሙን ይቀይራል፣ ስንት ልጅ ይሄን በበረኪና ሲታገል አይቻለሁ።

በረኪና ለሻጋታ ነው፣ እሱም በደንብ ቀጥኖ፣ ትራስና ወንበር ላይ ከሆነ ደግሞ የስፌቱን ክር ስለሚበላ ባትነኩት ይሻላል። ዝገት ላይ በረኪና ማፍሰስ ግን ነገሩን ማባስ ነው፣ ጭራሽ እንዲተክል ነው የሚያደርገው። ለዝገቱም ለጢሙም ለሰንስክሪኑም መድኃኒቱ ኦክሳሊክ አሲድ ነው፣ ሽማግሌው ጠርሙስ ውስጥ የነበረውም እሱ ነው፣ ቆስጣ ውስጥም አለ። ብረቱን ይይዘውና በውሃ የሚታጠብ ያደርገዋል፣ ሳትፈትጉ። ጄል ሆኖ የሚሸጥ አለ፣ ለቆመ ግድግዳ እሱ ይሻላል ስለማይወርድ። ባር ኪፐርስ ፍሬንድ የሚባለው የኩሽና ዱቄትም ውስጡ ኦክሳሊክ አሲድ አለው፣ ግን የሚፍቅ ነገርም አለበትና ቀስ በሉ። ከውሃ በታች የተጣበቀ የባርናክል (ጀልባ ላይ የሚጣበቅ ትንሽ የባሕር እንስሳ) ኖራ ካለ ጠንከር ያለው ሃይድሮክሎሪክ ያለበት ማጠቢያ ነው የሚነቅለው፣ እሱን ግን አሉሚኒየም፣ ክሮምና የጀልባው ተጎታች ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ላይ እንዳታስነኩት፣ ከመርጨታችሁ በፊትም በኋላም ዙሪያውን በውሃ አርጥቡ።

አሁን የምለውን እባካችሁ በደንብ ስሙኝ። በረኪናና አሲድ አንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም። ከዓመታት በፊት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ የጀልባ መፀዳጃ ውስጥ ገብቶ ሻጋታውን በበረኪና መታው፣ ሳያጥብ ደግሞ ዝገቱ ላይ የጀልባ አሲድ ረጨበት። የጀልባ መፀዳጃ ታውቃላችሁ፣ ሰው ዞር የማይልበት ሳጥን ነው። እኔ ውጭ ሆኜ ሳሉን ሰማሁ፣ መጀመሪያ ቸል አልኩ፣ ከዛ ሳሉ ተቀየረብኝ፣ ሰው ሲታነቅ የሚያሰማው ዓይነት ሆነ፣ ገብቼ በብብቱ ይዤ ጎትቼ አወጣሁት፣ የኔም ዓይን ለሁለት ቀን ቀልቶ ነበር። ክሎሪን ነው የወጣው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ወታደር የተገደለበት ጋዝ። ልጁ ሆስፒታል አድሮ ተረፈ፣ አሁን የልጆች አባት ነው፣ ግን እስካሁን የዛን ቀን ሳል ሳስታውስ እጄ ይንቀጠቀጣል። በረኪና ካስነካችሁ አጥባችሁ አድርቃችሁ ሌላ ቀን ነው አሲድ የሚመጣው። በረኪና አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጠቢያ ጋርም እንደዛው አይቀላቀልም። ጓንትና መነፅር ሳታደርጉ አንድ ጠርሙስ አትክፈቱ፣ ኦክሳሊክ ኩላሊት ይጎዳል፣ ዱቄቱን በውሃ ስትበጠብጡ ማስክ አድርጉ፣ አሲድ ወደ ውሃ ነው የሚጨመረው፣ ውሃ ወደ አሲድ አይደለም።

አሠራሩ ብዙ አይደለም። ሁልጊዜ በሳሙናና በውሃ ጀምሩ፣ ግማሹ እድፍ የምትሉት ነገር እዛው ይለቃል። ከዛ የማይታይ ጥግ ላይ መዳፍ የምታክል ቦታ ሞክሩ። በጠራራ ፀሐይ አትሥሩ፣ ጄልኮቱ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ አሲዱ ይደርቅበትና የራሱን እድፍ ይተዋል፣ ማለዳ ወይም ጥላ ላይ ሥሩ። ከታች ወደ ላይ ርጩ፣ ከላይ ከጀመራችሁ የሚወርደው መስመር ይሠራባችኋል። ጠብቁ። ካለቀቀ ድገሙ እንጂ መፈተጊያ አታንሱ። በደንብ እጠቡ፣ የምታጥቡበትን ውሃ ደግሞ በጀልባ ጥገናው ቦታ ሕግ መሠረት አጠራቅሙ፣ ያ ሁሉ የሚሄደው ሸርጣኑ ወደሚኖርበት ውሃ ነው። በመጨረሻ ሰም። አሲድ እድፉን ብቻ አይደለም የሚያነሳው፣ ሰሙንም ይዞት ይሄዳል፣ ስለዚህ ሰም ሳትቀቡ ከሄዳችሁ ሥራውን ግማሽ ላይ ነው የተዋችሁት። በዓመት ሁለቴ ሰም የሚቀባ ጀልባ እድፍ ቢያገኘውም ከላይ ነው የሚቀረው። የሚረገጥበት ቦታ ላይ ግን ሰም እንዳታደርጉ፣ ሰው ተንሸራቶ ይወድቃል።

ሌላው ደግሞ እድፍ መስሎ እድፍ ያልሆነ ነገር አለ። የቆየ ጀልባ ላይ ጠርዝ ጠርዙ ጠቆር ያለ፣ የክር ጥልፍልፍ የሚመስል ነገር ከታየባችሁ ጄልኮቱ አልቆ ሥሩ መታየት ጀምሯል ማለት ነው፣ እዛ ላይ የማለስለሻ ማሽን ይዛችሁ ከወጣችሁ የቀረውንም ትጨርሱታላችሁ። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ ውስጥ የገባ ቆሻሻም በማጠብ አይወጣም። እንዲህ ያለውን ስታዩ ለባለቤቱ ሥራውን ሳትጀምሩ ንገሩት። በጀልባው ርዝመት በየጫማው (ፊት) ሂሳብ ተነጋግራችሁ ገንዘቡን ለመያዝ ስትቸኩሉ "ይለቃል" አትበሉ፣ በፎቶም ዋጋ አትስጡ፣ ሄዳችሁ በእጃችሁ ዳሱት።

አምና ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ጣና ዳር አንድ ወጣት ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልስባትን ነጭ የፋይበርግላስ ጀልባ አውጥቶ በአሸዋና በኦሞ ሲፈትጋት አገኘሁት፣ ላቡ ይንጠባጠባል። ጀልባዋን እንደሚወዳት ያስታውቃል፣ ስሟን በራሱ እጅ ነው የጻፈው። ተቀምጬ አወራሁት፣ ከዛ ሎሚ ግዛና ና አልኩት። ከሞተሩ ብሎን ሥር የወረደችውን የዝገት መስመር የሎሚ ጭማቂ የጠጣ ጨርቅ ለጠፍኩባት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል እያረጠብን ቆየን፣ ሳነሳው አብዛኛው ለቋል፣ አንዴ ደገምነው፣ ጠፋች። ልጁ እጁን እዛ ላይ ሲያሳልፍ ቆየና ወደ ሌላው ጎን ዞሮ በአሸዋ የፈተገውን፣ ጭቃው ውስጡ ገብቶ የቀረውን ቦታ እያሳየኝ "ይሄስ አባቴ?" አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፣ ይሄ በሎሚ አይመለስም፣ በውሃ እየነከርክ በቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዛ 1500፣ ከዛ 2000፣ ከዛ ኮምፓውንድ (የማብረቅረቂያ ቅባት) እና ሰም፣ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ እሱም አንዴ ነው የሚቻለው፣ ምክንያቱም እያነሳህ ያለኸው እሷኑ ነው። እዚህ ስመለስ ወረቀቱንና ሁለት ቆርቆሮ ሰም በሰው ላኩለት። ከወር በኋላ ፎቶ ላከልኝ፣ ከጎኗ ቆሞ፣ የሐይቁ ውሃ በጎኗ ላይ ይታያል።