የአባቴን የወታደርነት ዘመን ልዝለለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከደምበጫ ነው። አባቴ ካረፈ ወር ሊሞላው ነው። አርባው ላይ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ ጻፊ የተባልኩት እኔ የመጨረሻዋ ልጅ ነኝ። አባቴ በ1969 ዓ.ም. በእናት አገር ጥሪ ሚሊሺያ ሆኖ ዘመተ። ሲመለስ በአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ማታ ማታ ተምሮ መዝገብ ቤት ገባ፤ ጡረታ እስኪወጣም እዚያው ነበር። በመሀል ግን ተጠባባቂ ነህ እየተባለ ሁለት ጊዜ ወደ ሰሜን ሄዷል። ታላቅ ወንድሜ «የወታደሩን ነገር ዝለይው፣ የደርግ ወታደር ነበር ይሉታል። የመንግሥት ሠራተኛ ነበር ካልሽ ይበቃል» ይለኛል። እናቴ ዝም ብላለች። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እግዜር ያጥናችሁ። ጻፊው እንጂ፣ ምን ይዘለላል!

ወንድምሽ ከመሬት ተነስቶ አልፈራም። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ቀዬው የተመለሰ ሰው ስንት ነገር ዋጠ። ፎቶውን ከግድግዳ አውርዶ ሣጥን ውስጥ የከተተ ብዙ ነው። ግን ያ የያኔ ፍርሃት ነው። ለቀስተኛው እንደሆነ አባትሽ መዝመታቸውን ያውቃል፤ ብትዘልይው «ምነው ደበቁት?» ነው የሚለው።

ስትጽፊ «ወታደር ነበሩ» ብለሽ አትለፊ። የትኛው ጦርነት? ጥሪው የመጣው ሚያዝያ 1969 ነው። ገበሬው ከየክፍለ ሀገሩ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች፤ የካቲት 26 ካራማራ ላይ ድሉ መጣ። አባትሽ ያኔ ሞፈር ጥለው የሄዱ ጎረምሳ ናቸው። ይህ የሚያሳፍረው ሰው ካለ እሱ ይፈር።

ሰሜኑ ይከብዳል። እዚያ ተኳሹም ተተኳሹም ያገር ልጅ ነው። አታስጊጪው፣ አትደብቂውም። «ተጠርተው ሄዱ፣ በዚህ ዓመት ተመለሱ» ይበቃል። ወንድምሽ ግን አንድ ነገር ይወቅ። በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት 6 ወር አሠልጥኖ 2 ዓመት ያዘምት ነበር። ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ነው። ያ ዘመን እንዲህ ነበር፤ ስትጠራ ትሄዳለህ።

አጀማመሩን እንደ ወጉ አድርጊው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ጎጃም ክፍለ ሀገር» የሚለውን ሽማግሌዎች ይጠብቁታል። ከዚያ በኋላ ግን ማህደር አትገልብጪ። እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ እድሩ እያዘዘኝ ብዙ የሕይወት ታሪክ ጽፌአለሁ። «ተቀጠሩ፣ አደጉ፣ ተዛወሩ» ሲባል ሰው ነጠላውን ያስተካክላል፣ ስልኩን ያያል። አንድ ጊዜ የአንድ የስምሪት ሠራተኛ ታሪክ ሲነበብ፣ ክረምት ላይ ፍሬኑን ራሳቸው ሳያዩ ማንንም መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ እንደማያስወርዱ ተነገረ። ከኋላ የቆሙ ሾፌሮች «እውነት ነው! እውነት ነው!» አሉ። ፈልጊ የምልሽ እንዲህ ያለውን ነው።

እንዲህ ያለው ታሪክ ደግሞ ያለው መዝገብ ቤት ነው። ከቆላ ሲገሰግስ የመጣ ባለጉዳይ መዝገቡ ጠፋ ሲባል አባትሽ ምን ያደርጉ ነበር? «ነገ ና» ይሉ ነበር ወይስ ምሳቸውን ትተው መደርደሪያ ላይ ይወጡ ነበር? አብረዋቸው የሠሩትን ጠይቂ። የዘመቻ ጥሪ ሲመጣስ ቁልፉን ለማን አስረከቡ? ሲመለሱ ወንበራቸውን አገኙት?

ዋናዋ ምንጭ ግን ዝም ያሉት እናትሽ ናቸው። አባትሽ ሰሜን ሲከርሙ ጤፉን ማን አጨደ? ጎረቤት ጅጌ ወጣላቸው ወይስ ብቻቸውን ተንገላቱ? ደብዳቤ ሲመጣ ማን አነበበላቸው? ደብተርና እስክሪብቶ ይዘሽ እንዳትቀርቢ፤ እንደ መርማሪ ያዩሻል። ቡና አፍሊ። ሁለተኛው ጀበና ላይ ወሬው ይመጣል።

የቅጥርና የጡረታ ቀኑን ከግል ማህደራቸው ውሰጂ። የልደት ዘመኑን ግን ዘመድም ጠይቂ፤ በኛ አገር ለቅጥር የተሞላ ዕድሜና እናት የምታውቀው ዕድሜ ብዙ ጊዜ አይገናኝም። ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አይለፍ፤ ሰው ቆሞ ነው የሚሰማሽ።

ማዕረግ ላይ ደግሞ አደራ። እድሩ ውስጥ አብረዋቸው የዘመቱ ሽማግሌ አይጠፉም፤ ረቂቁን ቀድመሽ አሳዪያቸው። አሥር አለቃውን ሃምሳ አለቃ ብትያቸው ያን ሰዓት ዝም ይሉሻል። ተዝካሩ ላይ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ግን በሕዝብ ፊት ያርሙሻል።