የሰማይ ድንጋይ ይዛችሁ ለምትመጡ

ዕድሜዬን የጨረስኩት ድንጋይ ሳይ ነው። ጂኦሎጂ ተማርኩ፣ ለካርታ ሥራ አገሩን ዞርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ዛሬም ቢሆን ድንጋይ ይዞ የሚመጣ ወጣት አልጠፋም። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ከሰማይ የወረደ ነው? ስንት ያወጣል?»

ይህን የምጽፍላችሁ ከእነዚህ ልጆች በአንዱ ምክንያት ነው። የመጣው ገና ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ድንጋዩን በነጠላ ጠቅልሎ፣ በፌስታል አድርጎ፣ በአውቶቡስ አምጥቶታል። ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጠው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጡብ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ከባድ ነገር ነው። አገላበጥኩት። በአንድ በኩል እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አውጥቷል። በሌላው በኩል ፈስሶ እንደረጋ ሰም ለስልሷል። «የሰማይ ድንጋይ አይደለም ልጄ፤ ብረት ሲነጠር የሚቀር ዝቃጭ ነው» አልኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። «የአያቴ እርሻ ዳር እኮ እንዲህ ያለ ብዙ አለ» አለኝ። ከዚያ መልሶ ጠቀለለው፣ አመሰገነኝና ወጣ።

ያልኩት ትክክል ነበር። ግን ያን ቀን አንድ ትልቅ ስህተት ሠርቻለሁ። እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ለመለየት የሚረዳችሁን ልንገራችሁ። በቅርቡ የወደቀ የሰማይ ድንጋይ (ሜትሮራይት) ላዩ ላይ ስስ ጥቁር ቅርፊት አለው። አየሩን ሰንጥቆ ሲገባ ላዩ ቀልጦ የሚፈጠር ነው፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አንዳንዱ ላይ ሊጥ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚቀረው ዓይነት ስርጉድ ይታያል። ለመጠኑ ይከብዳል። ቀዳዳ በቀዳዳ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ወይ ያ ልጅ እንዳመጣው ዝቃጭ። ብዙዎቹ የሰማይ ድንጋዮች ብረት ስላለባቸው ማግኔት ይስባቸዋል። እዚህ ላይ አደራ አለኝ። ከስፒከር የወጣ ኃይለኛ ማግኔት አታስነኩት። የሰማይ ድንጋይ ዕድሜው ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት ሊበልጥ ይችላል። የጥንቱን መግነጢሳዊ ምልክት ውስጡ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ማግኔቱ ያንን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ኮምፓስ አስጠጉለት። መርፌው ከዞረ ብረት አለው ማለት ነው። የአገራችን ጥቁር ድንጋይም መርፌ ሊያዞር ስለሚችል በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

አሁን አንዲት ትንሽ ከተማ ልውሰዳችሁ። ኤንሲስሃይም ትባላለች፤ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ፣ አልዛስ በሚባለው አካባቢ ናት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1492 እኩለ ቀን ሲቃረብ አገሩን ያናወጠ ድምፅ ተሰማ። አንድ ትንሽ ልጅ ድንጋይ ስንዴ ማሳ ላይ ሲወድቅ አየ። ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ ሜትር ያህል ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ድንጋይ ተገኘ፤ 127 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ከዚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ለገድ ይሆነናል እያሉ መፈንከት ጀመሩ። ያስቆማቸው የከተማው ሹም ነው። በዚያው ወር የጀርመኑ ንጉሥ ማክሲሚሊያን በከተማዋ ሲያልፍ አየውና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲቀመጥ አዘዘ። ከዚያም በኋላ ቢሆን መሸረፉ አልቀረም። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ያለው ከግማሽ በታች ነው። አጠገቡ ይቀመጥ ከነበረው የላቲን ጽሑፍ ላይ ያለው ቃል ልቤን ይነካኛል፦ ስለዚህ ድንጋይ ብዙዎች ብዙ ብለዋል፣ ሁሉም የሆነ ነገር ብሏል፣ የሚበቃውን ያለ ግን የለም። ከ500 ዓመት በኋላ እንኳ ያንን ድንጋይ ብሎ ኤንሲስሃይም የሚሄድ እንግዳ አለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እስከ እ.ኤ.አ. 1800ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙ ሊቃውንት ድንጋይ ከሰማይ ይወርዳል ብለው አያምኑም ነበር። የገበሬ ወሬ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1803 ሌግል በምትባል ሌላ የፈረንሳይ ትንሽ ከተማ ከ2,000 በላይ ድንጋይ ዘነበ። ጉዳዩን እንዲያጣራ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዣን ባቲስት ቢዮ ተላከ። ዕድሜው 29 ነበር። ልብ በሉልኝ፣ 29። ድንጋዩን ብቻ ሰብስቦ አልተመለሰም። መንደር ለመንደር ዞሮ ካህኑንም ገበሬውንም «ምን ሰማህ? የት ቆመህ? ከየት በኩል መጣ?» እያለ ጠየቀ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ነገሩት። ድንጋዮቹ የወደቁበትን ቦታ በካርታ ላይ አሰፈረ። ሊቃውንቱን ያሳመናቸው ይህ ነው።

አፍሪካ ውስጥ ናሚቢያ፣ ግሩትፎንቴን አጠገብ ሆባ የሚባለው አለ። እ.ኤ.አ. በ1920 አንድ ገበሬ በበሬ ሲያርስ ማረሻው ብረት ነክቶ ሲጮህ ሰማ። ሲቆፈር 60 ቶን ያህል የሚመዝን የሰማይ ብረት ሆኖ ተገኘ። ዛሬም እዚያው ነው፤ ማን ያነሳዋል? ይህን ለሚያህል ብረት እንኳ ሸራፊ አልጠፋለትም። እ.ኤ.አ. በ1955 በሕግ የተጠበቀ ቅርስ የሆነውም ለዚህ ነው።

ወደ እኛ ስመለስ፣ «የቢሾፍቱን ሐይቆች ያመጣው የሰማይ ድንጋይ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አይደለም። የጋለ ቅላጭ ድንጋይ ከምድር ውስጥ ሲወጣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኘ፤ እንፋሎቱ ምድሩን በርቅሶ ጎድጓዳ አደረገው፤ ውሃ ሞላበት። ቡታጅራ አካባቢ ያለው ሐረ ሸይጣንም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። እዚያ ከአፋፉ ላይ ድንጋይ ብትወረውር ውሃው ጋ አይደርስም ይባላል። የሄደ ሁሉ ይሞክራል። እዚያ አስጎብኚ የሆናችሁ ልጆች ታሪኩን አትተዉት፤ የሽማግሌዎቹ ነው። ስትነግሩ ግን የሽማግሌዎቹ መሆኑን ተናገሩ። እሳተ ገሞራውንም አስከትሉ። እንግዳው ሁለቱንም መስማት ይፈልጋል። የሌለ ነገር አትጨምሩበት። አንዴ የተዋሸ እንግዳ እውነቱንም አያምናችሁም።

እንግዲህ ስህተቴ። በአካባቢው ፋብሪካ ከሌለ የብረት ዝቃጭ እርሻ ዳር ምን ያደርጋል? ሰው ብረት ያነጥርበት ነበር ማለት ነው። ምናልባት የልጁ አያት አያት በወናፍ እያናፋ። ያ ልጅ የሰማዩን ድንጋይ አላመጣልኝም፤ የአንድ መንደር ታሪክ አምጥቶልኝ ነበር። እኔ ግን ድንጋዩን አይቼ ሰውየውን ሳልጠይቅ ሸኘሁት። በኋላ ነገሩ ሲገባኝ መዝገብ አገላበጥኩ። ስሙም፣ የመጣበት ቀበሌም አልተጻፈም። የሚጽፈው እኔ ነበርኩ።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ ይሆናል። ይህን ካነበበ፣ ወይም የሚያውቀው ካለ፣ አሁንም ልጠይቀው እፈልጋለሁ፦ የአያትህ እርሻ የት ነው?