ወባ ሲይዘን ደማችን ለምን በቶሎ አይጸዳም? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ (ከአርባ ምንጭ)፦ የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በወባ ጊዜ ኢሚዩን ኮምፕሌክስ ደም ውስጥ ይከማቻል ይባላል። አንቲቦዲው ጥገኛውን ከያዘ በኋላ ለምን አይወገድም?

አንቲቦዲ (ሰውነት የሚሠራው ተከላካይ ፕሮቲን) ከአንቲጅን (እዚህ ላይ የጥገኛው ቁራጭ) ጋር ሲጣመር ኢሚዩን ኮምፕሌክስ ይባላል። ሥራው ግን በዚህ አላለቀም፤ ጥምረቱ ከደም መውጣት አለበት። በጤና ጊዜ ሲ3ቢ የተባለው የኮምፕሊመንት (በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች ስብስብ) ፕሮቲን ይለጠፍበታል። በቀይ የደም ሴል ገጽ ላይ ያለው ሲአር1 የተባለ ተቀባይ ሲ3ቢውን ይዞ ጥምረቱን ጉበትና ጣፊያ ያደርሰዋል። እዚያ ማክሮፌጆች (ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) ጭነቱን ነጥቀው ይውጣሉ፤ ቀይ ሴሉ ወደ ዝውውር ይመለሳል።

ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት በየ48 ሰዓቱ ገደማ ጥገኛው የገባባቸው ቀይ ሴሎች እየፈነዱ አንቲጅን ይረጫሉ፤ ጭነቱ ይበዛል። ተሸካሚው ግን ይመናመናል፦ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፣ ከቀሩትም ላይ ማክሮፌጁ ጭነቱን ሲነጥቅ ሲአር1ንም አብሮ ይቆርጣል። በምዕራብ ኬንያ በወባ ሳቢያ ከባድ ደም ማነስ ባጋጠማቸው ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ አሳይተዋል፤ ሲአር1 ቀንሶ፣ ኢሚዩን ኮምፕሌክስ ጨምሮ ተገኝቷል። ይባስ ብሎ ጥገኛው ራሱ ሲአር1ን ወደ ሴል መግቢያ በር ያደርገዋል።

ማክሮፌጁም ነፃ አይደለም። ጥገኛው ሄሞግሎቢን በልቶ የሚተወው ሄሞዞይን አይፈጭም። ደም ስላይድ ላይ በነጭ ሴሎች ውስጥ የሚታየው ቡናማ ጥቁር ነጠብጣብ እሱ ነው። ሆዱ በዚህ የሞላ ሴል ዳግም የመዋጥ አቅሙ ይዳከማል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ልጄ ደም ስላይዷ ላይ የታየው ጥገኛ ጥቂት ነው ተባለ፤ ደሟ ግን በጣም ወርዷል። እንዴት ይሆናል?

ከሚጠፉት ሴሎች አብዛኞቹ ጥገኛው ያልገባባቸው ናቸው። ከኮምፕሊመንት ጥቃት የሚከላከላቸው ሲዲ55 ሲቀንስና ገጻቸው ላይ ኢሚዩን ኮምፕሌክስ ሲለጠፍ ጣፊያ እንደ አሮጌ ሴል ቆጥሮ ያስወግዳቸዋል። መቅኒውም በበሽታው ስለሚዳከም በቶሎ አይተካቸውም። በመርፌ አርቴሱኔት (የከባድ ወባ መድኃኒት) ከወሰደች ደግሞ ጥገኛው ከጠፋ ከሳምንት በኋላም ሴሎች ሊፈርሱ ስለሚችሉ ሄሞግሎቢኗ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ይለካ። ሽንቷ ከጠቆረ ወይም ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ወባ ኩላሊት ይጎዳል?

ያልተወገደው ጥምረት በኩላሊት ማጣሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። በፋልሲፓረም የሚመጣው የዚህ ዓይነት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ከሕክምና በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። በየ72 ሰዓቱ ትኩሳት የሚያመጣው ማላሪዬ የተባለው የወባ ዓይነት ግን የተለየ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በናይጄሪያ በሕፃናት ላይ በደንብ ተጠንቷል፤ የኩላሊቱ ሕመም አንዴ ሥር ከሰደደ የወባ መድኃኒት አይመልሰውም። ጠዋት የዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ ሽንትም አረፋ ከበዛበት የሽንት ፕሮቲን ያስመርምሩ።

ጥያቄ (ከመተማ)፦ የወንድሜ ጣፊያ እስከ እምብርቱ ወርዷል፤ ወባ ግን የለበትም ተባለ። ወጌሻ ቢያሸው ይረዳዋል?

በፍጹም አይታሽ፤ ያበጠ ጣፊያ ሊፈነዳ ይችላል። በእናንተ አካባቢ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ የጥገኛ በሽታ) ነው፤ በተለይ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳትና ክሳት ካለ። አርኬ39 የተባለው የካላዛር ምርመራ ይደረግለት፤ ቢልሃርዚያና የደም ካንሰርም ይታዩ። እነዚህ ከሌሉ፣ ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች 10 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የአይጂኤም አንቲቦዲ መጠኑና የወባ አንቲቦዲው ከፍ ካሉ፣ ለተደጋጋሚ ወባ ሰውነት የሚሰጠው የተጋነነ ምላሽ ሊሆን ይችላል። የበዛው አይጂኤም ጥምረት እየሠራ ጣፊያው ያለ ዕረፍት ሲያጣራ ያብጣል፤ ደም ስላይድ ላይ ጥገኛ አለመታየቱም የተለመደ ነው። ሕክምናው ለወራት የሚወሰድ የወባ መድኃኒት ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ ጣፊያው መቀነሱ ምርመራውን ያረጋግጣል። ቀዶ ጥገና የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ጥያቄ፦ ወባም ታይፎይድም አለብሽ ተብዬ ሁለቱንም መድኃኒት ይዣለሁ።

ታይፎይዱ የተነገረሽ በዊዳል (የታይፎይድ አንቲቦዲ በደም ውስጥ የሚፈልግ ምርመራ) ብቻ ከሆነ ብዙ አትመኚው። ወባ አንቲቦዲ የሚሠሩትን ቢ ሴሎች በጅምላ ስለሚቀሰቅስ ያለ ታይፎይድም ዊዳልን ፖዘቲቭ ያደርጋል። አስተማማኙ የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም ናሙና አሳድጎ የማየት ምርመራ) ነው። ወባ ግን ለሳልሞኔላ (የታይፎይድ ባክቴሪያ ወገን) እንደሚያጋልጥ አትርሺ፤ የወባውን መድኃኒት ጨርሰሽ ትኩሳቱ ካልለቀቀሽ ካልቸሩ ይሠራልሽ።