ስለ ኢንግልሻም ግድግዳ፣ ለወጣት አርክቴክቶች

ልጆቼ፣

አንድ ቀን አሮጌ ቤት ይሰጣችሁና «አድሱት» ትባላላችሁ። ያኔ እጃችሁን ያሳክካችኋል። ዕድሜዬን በእድሳት ሥራ ስለጨረስኩ አውቀዋለሁ። ለዚያ ቀን የምትሆናችሁን አንዲት የእንግሊዝ መንደር ላውጋችሁ።

ኢንግልሻም ትባላለች። በዊልትሺር ጫፍ፣ ቴምዝ ገና ቀጭን ወንዝ ሆኖ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ናት። መንደር ለማለትም ይከብዳል፤ ጥቂት ቤቶችና አንዲት የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናቸው። ሕንፃዋ ባብዛኛው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ውስጧ ግን ከዚያም የቀደመ፣ በድንጋይ የተቀረጸ የእመቤታችንና የልጇ ምስል አለ። በውጭው ግድግዳ ላይ በነበረበት ዘመን የፀሐይ ሰዓት አድርገውታል! እኔ ብሆን እናደድ ነበር። ዛሬ ግን ያም የታሪኩ አካል ነው።

ዋናው ጉድ ግድግዳው ላይ ነው። ሥዕል በሥዕል ላይ፣ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ተደራርቧል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ተሐድሶ ሲመጣ በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት የቅዱሳን ሥዕሎች በኖራ ተቀቡ፤ በላያቸውም ጥቅስ ተጻፈ። ተከታዩ ትውልድ ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ ጻፈ። አሁን አንዱ ከሌላው ሥር ብቅ ይላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይነበብም። ሥዕሉን ለማጥፋት የተቀባው ኖራ፣ ሸፍኖ ለእኛ አቆየው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ብዙ አርክቴክቶች ይህን ቢያገኙ አይተርፍም ነበር። የዘመኑ ፋሽን አንድ ዘመን መርጦ ሌላውን መጣል ነበር። ልስኑን እስከ ድንጋዩ ይፍቁታል፤ አሮጌውን አግዳሚ ወንበር ያወጡታል። ዊልያም ሞሪስ፣ ያ የግድግዳ ወረቀት ንድፍ ባለሙያ፣ በዚህ ተናዶ እ.ኤ.አ. በ1877 የጥንት ሕንፃዎች ጠባቂ ማኅበርን ከጓደኞቹ ጋር አቋቋመ። ቤቱ ለኢንግልሻም ቅርብ ነበርና በ1888 እና 1889 ቤተ ክርስቲያኗ በእሱ ትጋት ተጠገነች። መጠገን ያለበት ተጠገነ፤ ቀሪው ባለበት ተተወ። በር ያላቸው የእንጨት ወንበሮች ዛሬም እዚያው ናቸው።

አለመንካት ማለት ግን ጣሪያው ያፍስስ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ከአንዳንድ የቅርስ ሰዎች ጋር አልስማማም።

ሌላው ነገር ሲሚንቶ ነው። በኖራ የተገነባ ግድግዳ ርጥበቱን በመጋጠሚያው በኩል ያወጣል። በሲሚንቶ ስትደፍኑት ውሃው መውጫ ያጣና በድንጋዩ በኩል ይመጣል፤ ድንጋዩም ይፈረካከሳል። ደንበኛው «ሲሚንቶ ይበልጥ ይጠነክር የለም እንዴ?» ይላችኋል። አዎ፣ ይጠነክራል። ጣጣውም እሱ ነው።

መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ለኩ፣ ፎቶ አንሱ፣ መዝግቡ። የቀደመው ግንበኛ ያበላሸው የመሰላችሁን እንኳ አትዝለሉ። ደንበኛው ከቸኮለ ከጣሪያውና ከአሸንዳው ጀምሩለት። እሱ ሥራ ሲሠራ ያያል፤ እናንተም ግድግዳውን የምታጠኑበት ጊዜ ታገኛላችሁ።