«ክብደት ቀንሰሽ ተመለሺ» ለተባልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዕድሜሽ 29 ነው፤ ከተጋባችሁ ሦስት ዓመት ሆኗችኋል፤ የወር አበባሽ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንዴ ይመጣል። በአልትራሳውንድ ታይተሽ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም (በአጭሩ ፒሲኦኤስ) እንዳለብሽ ተነገረሽና «ክብደት ቀንሰሽ ተመለሺ» ተብለሽ ተሸኘሽ። አሁን በቀን አንዴ ብቻ ትበያለሽ፤ የአማትሽን ጥያቄ ፈርተሽም ሠርግና ክርስትና መሄድ ትተሻል። ከእኛ የምትፈልጊው «ምን ልብላ? ስንት ኪሎ ልቀንስ?» ለሚለው መልስ ነው። እኔም ከዚሁ ሕመም ጋር የምኖር፣ ታክሜ የአንዲት ልጅ እናት የሆንኩ ሴት ነኝ። የምግቡን እጽፍልሻለሁ። አስቀድሜ ግን በግልጽ ልንገርሽ፤ መቅጠን ሕክምና ለማግኘት በቅድሚያ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። አኗኗርሽን እያስተካከልሽ ሕክምናሽንም መከታተል ትችያለሽ።

በአልትራሳውንዱ ላይ የታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች በቀዶ ሕክምና የሚወጡ ዕጢዎች እንዳይመስሉሽ። ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቀሩ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። በብዙዎቻችን ሰውነት ውስጥ ስኳርን ከደም የሚያነሣው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ እንደሚገባው አይሠራም፤ ቆሽት ይህን ለማካካስ ኢንሱሊን ያበዛል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ እንቁላል ማምረቻው የወንድ የሚባሉትን ሆርሞኖች አትርፎ እንዲያመነጭ ይገፋዋል። የአገጭ ፀጉሩም፣ ብጉሩም፣ የእንቁላሉ በጊዜው አለመውጣትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገምታል። ቀጫጭኖችም ይገኙባቸዋል። ስለዚህ «በራስሽ ሆዳምነት ያመጣሽው ነው» የሚልሽ ሰው ካለ ስለ ሕመሙ አያውቅም። ውፍረት ሕመሙን ያባብሰዋል፤ ሕመሙም በበኩሉ ክብደት መቀነስን ከባድ ያደርገዋል።

በቀን አንዴ መብላቱን ዛሬውኑ ተዪው። ቀኑን ሙሉ የተራበ ሰው ማታ ትሪው ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፉ የፒሲኦኤስ መመሪያ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል የሚባል አንድ የአመጋገብ ዓይነት እንደሌለ በግልጽ ያስቀምጣል። ለእኔ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዱቄትና የማላውቀውን ፍሬ ፍለጋ መዞር አላስፈለገኝምና። ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ዓሣ፣ እንቁላል ቤታችን ያለ ነው። የሚያስቸግረው እንጀራ ላይ እንጀራ ፍርፍር መደረቡ፣ ቁርሱ ዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ብቻ መሆኑ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ለስላሳ መከፈቱ ነው። መጀመሪያ የሻዩንና የለስላሳውን ስኳር አንሺ፤ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው።

ሌላው ችግራችን አብሮ መብላታችን ነው። አብሮ መብላት መልካም ነው፤ ነገር ግን በአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። እኔ ግማሽ እንጀራ ጠቅልዬ ከፊቴ አኖራለሁ፤ ወጡንና ጎመኑን በዛ አድርጌ በእሱ እበላለሁ፤ ሲያልቅ ተነሥቼ እጄን እታጠባለሁ። ጉርሻ ከመጣ አንዱን በደስታ እቀበላለሁ፤ ለሁለተኛው «ጠግቤአለሁ፣ እጅሽን ይባርከው» እላለሁ። ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም።

የምትጾሚ ከሆነ ይህን ልብ ብለሽ አንብቢ። ሜትፎርሚን (ኢንሱሊን በደንብ እንዲሠራ የሚያግዘው ክኒን) ታዞልሽ ከሆነ በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ ያቅለሸልሻል፣ ሆድም ያላላል። ብዙ ሴቶች በዚህ ምክንያት በሳምንቱ ይጥሉታል። በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ሲጨመርና ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል። እኔ ለንስሐ አባቴ መድኃኒት ላይ መሆኔን ነግሬያቸው የጾሙን ሰዓት አሳጥረውልኛል። ሁለተኛም፣ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን ሊቀንስ ይችላል፤ ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ደግሞ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብን የምትጾም ሴት ይህን በደም ምርመራ ማሳየት አለባት። እጅና እግርሽን ከደነዘዘሽ ወይም ያለ ምክንያት ከደከመሽ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትቆዪ።

ጠበል ሂጂ፣ ጸልዪ፤ እኔም ሄጃለሁ። መድኃኒትሽን ግን አታቋርጪ። «በአጭር ቀን ትፀንሻለሽ» እያሉ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ቅጠል በጠርሙስ ለሚሸጡ ሰዎች ገንዘብሽንም ጉበትሽንም አትስጪ።

እንቅስቃሴን በተመለከተ የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም ይስባል፤ ኪሎሽ ባይቀንስ እንኳ ለኢንሱሊን ያለሽ ምላሽ ይሻሻላል። ለጂም የሚከፈል ካላገኘሽ አትጨነቂ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆነ ከእራት በኋላ ደረጃውን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ሁለት ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ውኃ ሞልቼ በሁለት እጄ እያነሣሁ ቁጭ ብድግ እላለሁ። «ስንት ኪሎ?» ላልሽው፣ ክብደቷ ከፍ ያለ ሴት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብትቀንስ የወር አበባዋ ሊስተካከል ይችላል፤ 80 ኪሎ ከሆንሽ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። ሚዛን ላይ በየቀኑ አትውጪ። የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን ግን ጻፊ፤ ሐኪሙ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

አሁን ጥያቄሽን ሳነብ ልቤን ወደነካው ልምጣ። ስለ አማትሽ ጽፈሻል፣ ስለ ጎረቤቶችሽ ጽፈሻል፤ ባለቤትሽ ግን አንድ ቦታ እንኳ አልተጠቀሰም። ተመርምሯል? የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላልና ሕመም የሌለው ነው፤ አንቺ ላይ ምክንያት ስለተገኘ ብቻ የሚዘለል አይደለም። እሱ ሳይታይ አንቺ ዓመት ሙሉ መድኃኒት ብትውጪ ድካሙ ከንቱ ሊሆን ይችላል። «እኔ ጤነኛ ነኝ» ካለሽ ጤነኛነቱ በወረቀት ይምጣ።

ለቤተሰቡ መልስ መስጠትም የእሱ ድርሻ ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ ከባለቤቴ አክስቶች አንዷ «ልጃችሁን ሳናይ ልንሞት ነው?» አሉኝ። ስኒው እጄ ላይ እንዳለ ምን እንደምል ጠፋኝ። ባለቤቴ «እትዬ፣ ጉዳዩ የሁለታችን ነው፤ ሐኪም ይዞታል። ከዛሬ ጀምሮ የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከዚያም ቡናው ቀጠለ። እኔ ያንኑ ቃል ብናገረው ኖሮ ባለጌ ምራት እባል ነበር። ባለቤትሽን ለብቻው አስቀምጠሽ ይህን ጠይቂው። ከመድኃኒቱ ሁሉ በላይ ያበረታኝ ይህ ነው።

ሠርግና ክርስትና መቅረትሽን አልወቅስም፤ የማትችይበት ቀን አለ፣ ቅሪ። ነገር ግን እንቅልፍ ካጣሽ፣ ቀድሞ የሚያስደስትሽ ነገር ሁሉ ከሰለቸሽ፣ ለቅሶ ከበዛብሽ ይህንንም ለሐኪም ንገሪ። ቅድም የጠቀስኩት ዓለም አቀፍ መመሪያ ይህ ሕመም ያለባቸው ሴቶች በሙሉ ስለ ጭንቀትና ስለ ድብርት እንዲጠየቁ ያዛል፤ በእኛ ላይ ከሌሎች ሴቶች ይልቅ ስለሚበዛ ነው። የእምነት ማነስ ወይም የጠባይ ችግር አድርገሽ አትይው።

በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ስለ ሌትሮዞል ጠይቂ። እንቁላል እንዲወጣ ለማገዝ ዛሬ በመጀመሪያ የሚመረጠው መድኃኒት እሱ ነው። በአሜሪካ በ750 ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ቀድሞ የተለመደውን ክሎሚፊን ከወሰዱት ደግሞ 19.1 በመቶ የሚሆኑት ወልደዋል። ወረቀቱ ላይ የጡት ካንሰር መድኃኒት የሚል ስታነቢ አትደንግጪ፤ መጀመሪያ የተሠራው ለዚያ ነው። ያለ ሐኪም ግን ገዝተሽ እንዳትውጪው፤ አስቀድሞ እርግዝና አለመኖሩ መረጋገጥ፣ በኋላም በአልትራሳውንድ መከታተል ያስፈልጋል። የወር አበባን ሊያዛቡ የሚችሉት የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞኖች ምርመራ ካልተሠራልሽ ይሠራልሽ። ግሉኮስ ተጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካውን የስኳር ምርመራም ጠይቂ፤ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የስኳር በሽታ እኛን በብዛት ያገኘናልና ካሁኑ ቢታወቅ ይሻላል። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን በቀን 400 ማይክሮግራም ከመፀነስ በፊት ይጀመራል። የወር አበባሽ ከ90 ቀን በላይ ከዘገየ «ይመጣል» ብለሽ አትጠብቂ፤ የማህፀን ግድግዳ ሳይወርድ እየወፈረ ሲቆይ ጉዳት ስላለው የሚያወርድ መድኃኒት ይሰጥሻል።

በክኒን ካልተሳካ መርፌ አለ፤ ከዚያም እንቁላልና የወንድ ዘር በቤተ ሙከራ ተገናኝተው ፅንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና (አይቪኤፍ) አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይህን የሚሠራ የመንግሥት ማዕከል አለው። አሁን የምትታከሚበት ቦታ ከክብደት ሌላ የሚነግርሽ ከሌለ የምርመራ ወረቀቶችሽን ሰብስበሽ ሪፈር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። የምትኖሪበትን ከተማ ብትጽፊልን እዚያ የታከሙ እህቶች የት መሄድ እንዳለብሽ ይነግሩሻል።