«ሄርዞግ ይበልጣል ወይስ ግራፍ?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ገና አየሁት። ልጅሽ ከትምህርት ቤት የመካከለኛው ዘመን የጀርመን ካርታ ይዞ መጥቶ «ሄርዞግ፣ ግራፍ፣ ማርክግራፍ፣ ላንድግራፍ፤ ከእነዚህ የመሳፍንት ማዕረጎች የትኛው ይበልጣል?» ብሎ አፋጦሻል። ሳክሰን የሚባለው አገር ደግሞ አንዱ ካርታ ላይ ሰሜን፣ ሌላው ላይ ምሥራቅ ሆኖባችኋል። እኔ የምኖረው ኑረምበርግ አጠገብ ፉርት ነው። ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ከተማ አስጎብኚው እኔ ነኝ፤ እና በዚህ ነገር ላይ ያልተሳሳትኩት ስሕተት የለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ከራሴ ልጀምር። ማርክግራፍ ማለት የገበያ ሹም ነው እያልኩ ስንቱን እንግዳ አሳስቻለሁ። ገበያ በጀርመንኛ «ማርክት» አይደል? በኋላ ለአንድ ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባዬ ስነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ማርክ ጠረፍ ነው ለካ። ማርክግራፍ የጠረፍ አገር ገዥ ነው። ጠላት አፍንጫው ሥር ስላለ ከተራው ግራፍ የሰፋ ሥልጣን ይሰጠው ነበር።

ተራው ግራፍ ደግሞ መጀመሪያ የንጉሥ ሹም ነበር። ዳኝ፣ አስገብር፣ ዘመቻ ሲታወጅ ሰው ይዘህ ና ይባላል። እየዋለ እያደረ ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ጀመረና የቤተሰብ ንብረት ሆኖ ቀረ። ሄርዞግ ቃሉ የጦር መሪ ማለት ሲሆን፣ እንደ ባየርንና ሽቫበን ያሉ ሰፋፊ አገሮችን የያዘ ነው። ፋልዝግራፍ ስሙን ያገኘው ከንጉሡ ቤተ መንግሥት፣ ቡርግግራፍ ከምሽግ ነው። ላንድግራፍ ብዙም አታገኚም፤ ዋናዎቹ ቱሪንገንና ሄሰን ናቸው።

እኛ ሰፈር «ሄርዞግ ማለት ራስ፣ ግራፍ ማለት ደጃዝማች» የሚል አለ። እኔም እል ነበር። ግን አያስኬድም። ራስነት የሚሰጠው ለሰውየው ነው፤ ልጁ ስለተወለደ ብቻ ራስ አይባልም። የጀርመኑ ማዕረግ ግን ለወንዶቹ ልጆች ሁሉ ይደርሳል፤ መሬቱም አብሮ ይቆረሳል። ባየርን በ1255 ለሁለት ወንድማማቾች ተከፈለች። በ1392 ሙንሽን፣ ላንድስሁትና ኢንጎልሽታት ለየብቻ ሆኑ፤ ቀድማ የተገነጠለችው ሽትራውቢንግ ስትጨመር አራት። አራቱም ጌቶች «የባየርን ሄርዞግ» ነኝ ባይ! የልጅሽ ካርታ እንደ ድሪቶ የተጣጣፈው በዚህ ምክንያት ነው።

መሬትና ማዕረግ እንዴት እንደሚሰጥ ለልጅሽ ማሳየት ከፈለግሽ የ1156ቱን የሬገንስቡርግ ጉባኤ ንገሪው። ሁለት ሄንሪሾች በባየርን ተጣልተዋል። ታላቅየው ሰባት ባንዲራ ለንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪሽ ባርባሮሳ አስረከበ፤ ባየርንን መለሰ ማለት ነው። ንጉሡ ሰባቱንም ለታናሹ ሰጠው። ታናሹ፣ «አንበሳው» የሚሉት ሄንሪሽ፣ ሁለቱን መልሶ አስረከበ። እነዚያ ሁለት ባንዲራዎች የኦስትሪያ ጠረፍ ነበሩ። ንጉሡ ማርክ የነበረችውን ኦስትሪያን ወደ ሄርዞግነት ከፍ አድርጎ ሁለቱን ባንዲራ ለታላቅየው መለሰለት። ሰባት ጨርቅ እጅ ለእጅ ሲዟዟር አገር ተቆረሰ።

ሳክሰንን ያናወጠውም ይሄው አንበሳው ነው። በወቅቱ ባየርንንም ሳክሰንንም ይዞ ነበር። ከባርባሮሳ ጋር ተጣላና በ1180 ሁለቱንም ተነጠቀ። የጥንቱ ሳክሰን ዛሬ ኒደርሳክሰን የምንለው፣ የሀኖፈር አካባቢ ነው። ምዕራቡ ክፍል ለኮለን ሊቀ ጳጳስ ተሰጠ። የሄርዞግነቱ ስም የደረሰው ግን በኤልበ ወንዝ በኩል መሬት ለነበረው ለበርንሃርድ ነው፤ የዘሮቹ መቀመጫ ዊተንበርግ ሆነ። የእነሱ መስመር ሲጠፋ፣ በ1423 ማዕረጉ ለማይሰን ማርክግራፍ ተሰጠ። የማይሰኑ ሰው ሳክሰን ተባለ፣ አገሩም ቀስ በቀስ ስሙን ወረሰ። ድሬስደንና ላይፕሲሽ ዛሬ «ሳክሰን» የሚባሉት እንዲህ ሆኖ ነው። ሕዝቡ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ስሙ ነው የሄደው።

«የትኛው ይበልጣል» የሚለው ላይ ግን ኑረምበርግ ብትመጡ ይሻላል። ገበያው አደባባይ ላይ ፍራወንኪርሸ አለች። (ንጉሠ ነገሥት ካርል 4ኛ ያሠራት በ1349 በፈረሰው የአይሁድ ምኩራብ ቦታ ላይ ነው፤ አስጎብኚ ሁሉ ይህን አይናገርም።) ልክ እኩለ ቀን (በእኛ 6 ሰዓት) ላይ ከ1509 ጀምሮ ያለው ሰዓት ይደውላል። ካርል በትረ መንግሥቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ሰባት ትናንሽ ምስሎች ከአንዱ በር ወጥተው ሦስቴ ይዞሩትና በሌላው ይገባሉ። ንጉሥ የሚመርጡት ሰባቱ ናቸው፤ በ1356 አዋጅ የጸኑት። ሦስቱ የማይንዝ፣ የትሪርና የኮለን ሊቃነ ጳጳሳት። አራቱ የቦሄሚያ ንጉሥ፣ የራይን ፋልዝግራፍ፣ የሳክሰን ሄርዞግና የብራንደንቡርግ ማርክግራፍ። የባየርን ሄርዞግ የለበትም! ያን ሁሉ አገር ይዞ ከታች ቆሞ ያያል፤ ማርክግራፉ ላይ ሆኖ ይዞራል።

ከአደባባዩ ዳገቱን ስትወጡ ደግሞ ምሽጉን ታገኛላችሁ። የኑረምበርግ ቡርግግራፎች ሆሄንሶለርን የሚባሉ ቤተሰብ ነበሩ። አንዱ ፍሬድሪሽ በ1415 ብራንደንቡርግን አገኘ። በ1427 እዚህ የቀረውን የተቃጠለ ግንባቸውን ለከተማው ሸጠው ሄዱ። ዘሮቻቸው በ1871 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ከምሽግ ጠባቂነት ተነሥተው!

ስለዚህ ልጅሽ እንደ ወታደር ማዕረግ በመሰላል አይደርድራቸው። መምህሩ የግድ ደርድር ካለው ሄርዞግን ላይ፣ ማርክግራፍ፣ ላንድግራፍና ፋልዝግራፍን ከሥሩ ጎን ለጎን፣ ተራውን ግራፍ ታች ያድርግ፤ ነጥቡን አያጣም። የካርታው ጥግ ላይ ዓመት ይኖራል። ከ1180 በፊት ነው ወይስ ከ1423 በኋላ? የሳክሰኑ ነገር እዚያው ይለይላችኋል። ካልሆነ ፎቶውን ለጥፊው፤ ነገ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።